የማኮጾ ከል

ጎረቤቴ ማኮጾ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሳቋን የሰማ የለም። ታባንግ ከማዕድን ጉድጓድ የተመለሰው ሳንባው አልቆ ነበር። እሷም ሲያስል አስታመመችው፣ ቀበረችው፣ ጥቁር ለበሰች። መልበሱስ ባልከፋ፤ ችግሩ ማውለቁ ነው።

በእኛ ተራራ ሴት ከሏን ራሷ አታወልቅም። የሟች ወንድም በግ ይዞ ይመጣል፣ ጥቁሩን በመቀስ ይቆርጥላታል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ጨርቁ ይቃጠላል። እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች፣ ከከብትም ትርቃለች፤ መንጋውን ታስጨነግፋለች ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ የበግ ጸጉር እየለየች የምትሠራበት የሽለታው ቤት ኃላፊ፣ ጥቁር ለብሰሽ የሰው በግ ጸጉር አትለዪም ብሎ መለሳት። ሽለታው ሊጀመር ነው። በመጀመሪያው ቀን ያልገባች ሴት ዓመቱን ሙሉ ሥራ የላትም። ማኮጾ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

የታባንግ ወንድም ሞሌሌኪ ከጋራው ማዶ ነው የሚኖረው። መልእክት በላክንበት ቁጥር አንዴ በረዶው፣ አንዴ የፈረሱ እግር፣ አንዴ ወገቡ። እሷ ጠላዋን ጠምቃ ትጠብቃለች፣ እሱ ይቀራል። ጠላው ሊሆመጥጥ ሲል የሚሸጥ ጠላ አለ የሚለውን ምልክት፣ ነጩን ጨርቅ፣ እንጨት ላይ ትሰቅልና ለመንገደኛ ትሸጠዋለች። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ከሉን አንቺው ቀደሽ ጣይው አልኳት። መቃብሩን ረገጠች ይሉኛል ብላ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች። ክንዷ ከስቶ እንጨት አክሎ ነበር።

በመጨረሻ ለማንም መልእክት ሳትልክ ጠመቀችና ጨርቁን በጠራራ ፀሐይ ሰቀለችው። መልእክታችንን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ሰውዬ፣ ወደ ሱቅ ሲወርድ ጨርቋን ከሩቅ አየና ፈረሱን ወደ እኛ አዞረው። የማን ቤት መሆኑን እንኳ ልብ ያለ አይመስለኝም። ብርድ ልብሱን አደላድሎ ጠላ ሊጠጡ ከመጡት ሽማግሌዎች መሀል ተቀመጠ፣ ጠጣ፣ ድገሚኝ አለ።

ማኮጾ ደግማ ቀዳችለት። ከዚያ ፊቱ ተንበርክካ መቀሱን በሳህን አቀረበች።

“እንኳን መጡ፣ ንታቴ ሞሌሌኪ” አለችው፣ አባቴ እንደ ማለት ነው። “ደክሞኛል፤ ይቁረጡልኝ።”

“በጉስ? እኔ እኮ ለጠላ ነው የመጣሁት።”

“በጉ ከአንተ በረት ነበር የሚመጣው” አልኩት እኔ። “እንግዲህ ስንጠብቀው አርጅቶ ሞቶ ይሆናል።”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው ግን ኮስተር ብሎ፣ ጠላዋን በእጅህ ይዘህ እምቢ አትላትም አለው። ሞሌሌኪ ዙሪያውን አየ፤ የሰው ፊት እሳት ነው። ጽዋውን አስቀመጠና ቆረጠ። ጥቁሩን ግቢው ውስጥ አቃጠልነው። የእኔን ሰማያዊ ቀሚስ አለበስኳት፤ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ ሽለታው ይጀመር ስለነበር ማልጄ ልጠራት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗ አብጧል።

“አንቺ ሂጂ” አለችኝ።

“ዛሬ ካልገባሽ ቦታሽን ይወስዱታል እኮ፣ እህቴ።”

“ይውሰዱት። ይህን ሁሉ ጊዜ የወንድሙን መንገድ ሳይ ነው የከረምኩት። ታባንግን ገና አላለቀስኩትም።”

ሴቶቹ ከውጭ እየተጣሩ አለፉ። እኔ በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።