ሰሙ ያልደረቀ ወለል

ነጭ ጋዝና ሰም ተቀላቅለው ሲሸቱኝ እግሬ ሳላዘው ከመሬት ይነሳል። ባለፈው ሰሞን እንኳ እዚሁ ጭሮ፣ አንዱ ባለሱቅ የቆየ ባንኮኒውን ሲወለውል ሽታው መጣብኝና፣ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ በጣቶቼ ጫፍ መራመድ ጀመርኩ። "እማማ፣ ምን ወደቀብዎት?" አለኝ።

ከተማው አሰበ ተፈሪ በሚባልበት ጊዜ የእኛ ቤት ወለል ሳንቃ ነበር። ወይራ። አናጢው አባቴ እያንዳንዱን ጣውላ በእጁ ልጎ አንጥፎት፣ ብዙም ሳይኖርበት ነው የሞተው። እናቴ ታዲያ ወለሉን እንደ ወለል አልነበረም የምታየው። የአባቴን ልብስ ለዘመድ ሰጥታለች፤ ወለሉን ለማን ትስጠው?

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ድስት የሚፈተግበትን ዓይነት ሽቦ ከእግራችን ሥር አድርገን፣ የምንጨፍር ይመስል ወገባችንን ይዘን እንፈትገዋለን። ብናኙ ይጠረጋል። ከዚያ እናቴ ሰሙን በቆርቆሮ አቅልጣ፣ ከእሳቱ አርቃ ነጭ ጋዝ ትጨምርበትና በጨርቅ ትቀባዋለች። በመጨረሻ እኔ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ እቀመጣለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ብርድ ልብሱን ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ይጎትተኛል። የሚያበራው የእኔ ክብደት ነው። "አንቺ፣ ዛሬ ምሳ አልበላሽም እንዴ? ይኸው ወለሉ አላበራም!" እያለ ያስቀኝ ነበር።

በመቀባቱና በመጎተቱ መካከል ግን ሳንቃው ሰሙን እስኪጠጣ ይጠበቃል። ያኔ ምንም ቢመጣ ሳሎኑን የሚረግጥ የለም። የነፍስ አባታችን እንኳ በጓሮ ዞረው ገብተው ያውቃሉ። ወንድሜ ልጅ ሳለ አንዴ ረግጦት፣ እናቴ አልመታችውም፤ ተንበርክካ ዱካውን ስታሽ እንባዋ ጠብ አለ። ያንን አየ። ከዚያ ወዲህ አልረገጠም። ጎረምሳ ሆኖ፣ ድምፁ ጎርንኖም አልረገጠም።

የውትድርናው አፈሳ የመጣው እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት በተቀመጠበት ወቅት ነው። ያን ሰሞን ጫማውን ሳያወልቅ፣ ማሰሪያውን ጥብቅ አድርጎ ይተኛል። የመከርነው ነገር ቀላል ነበር። የፊት ለፊቱ በር ከተንኳኳ ከመኝታ ቤቱ ይወጣል፣ ሳሎኑን ያቋርጣል፣ በጓሮ በር ወጥቶ አጥሩን ዘሎ ከቤታችን ኋላ ወዳለው ገደል ይወርዳል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን፣ ጫት ነጋዴዋ፣ በአጥር በኩል ብቅ አለች።

"አቦ ስሚኝ! ሂርና ገበያውን ከበው አፍሰዋል። ወላሂ እዚህም አይቀሩም። ልጁን አሽሺው!"

"በቀን የት ይሄድልኛል? መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው። ሲጨልም ይወጣል" አለች እናቴ።

"እና አሁን ወለል ልትወለውዪ ነው?"

"ዘግተን ብንቀመጥማ ይጠረጥሩናል። ቅዳሜ ነው፤ እንደ ቅዳሜያችን እንሁን።"

"ያ ረቢ!" አለች ጎረቤታችን፣ ራሷን እየነቀነቀች።

ፈተግን። ማንም አልቀለደም። አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእናቴ እጅ ከነጨርቁ ይቆማል። ቀብታ ስትጨርስ የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ እርጥቡ ሰም ላይ ተኛ። ወንድሜ መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው። እኔ የጓሮው በር ደፍ ላይ ብርድ ልብሴን ታቅፌ፣ እናቴም አጠገቤ።

የፊት ለፊቱ በር ተደበደበ። "ክፈቱ! ቀበሌ ነው!"

ወንድሜ ወጣ። ፊት ለፊቱ እኛ፣ ከእኛ ኋላ ክፍት በር፣ ከበሩ ኋላ ገደሉ። መሃል ላይ ወለሉ። ሮጠ ስል ቆመ። ወደ ታች አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

አሁን ሳወራው እንኳ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፣ የምፈታለት ይመስል። እናቴ በሁለት እጇ ና ትለዋለች፤ እሱ አጎንብሷል። ማሰሪያው ጠብቆ ሰንብቶ እምቢ አለው። ታግሎ አንዱን አወለቀ። ሁለተኛው ላይ እያለ የበሩ መቀርቀሪያ ተገነጠለ።

ሁለት ታጣቂዎች በከስክስ ጫማቸው ሰሙ ላይ ገቡ። አንዱ አንሸራትቶት ግድግዳ ያዘ። "ወይ ጉድ! ይሄ ወለል ነው መስተዋት? ጢሜን ልላጭበት እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሌላው የሰፈራችን ሰው ነበር። "እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትእዛዝ ነው" አለ፤ እናቴን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ።

ወንድሜን በመካከላቸው አድርገው አወጡት፤ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "እማዬ፣ ወለልሽን አበላሹብሽ" አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማነውም። ወሬውም አልመጣልንም።

እናቴ ሰም ማቅለጥ ተወች። ሳንቃው ዓመት በዓመት እየነጣ፣ እየተሰነጠቀ ሄደ።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን የተበተኑ ወታደሮች ከሐረር በኩል በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ እስከ ቦርደዴ መንገዱ በእነሱ ተሞልቶ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ የያንዳንዱን ፊት ታያለች። አንድ ቀን አንዱ ውኃ ለመናት። ዕድሜው የወንድሜ፣ መልኩ የሌላ ሰው ልጅ።

"ግባና ተቀመጥ" አለችው።

ደፉ ላይ ሲደርስ ሳንቃውን አየና፣ የጨዋ ልጅ ነው መሰለኝ፣ ጭቃ የጋገረ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

እናቴ እጁን ያዘችው። አጥብቃ። "ተው፣ ተው ልጄ፣ አትፍታ። በጫማህ ግባ።"

ገባ። ጠጣ፣ በላ፣ መርቆን ወደ አገሩ ሄደ። ጭቃው ከበሩ እስከ ወንበሩ ቀረ። እኔ ልጠርግ መጥረጊያ ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘች።

"ተይው" አለችኝ። "ይደር።"