እማዋይሽና እርሳስ የገባበት ማሳ

እኔ ዳኘው አፌ ይቀድመኛል፤ ፎገራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ጎረቤቴ ስለ እማዋይሽ ያላልኩት የለም። ዛሬ ግን እውነቱን ልናገር።

ባሏ ታደለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀጥቃጭ ነበር። ያረጀ የመኪና ባትሪ ከወረታ እያመጣ ማሳቸው ላይ ይሰብራል፤ እርሳሱን አቅልጦ ለጣና ዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስጠሚያ ይሠራል። እሱ ከሞተ በኋላ እማዋይሽ ማሳውን ሩዝ ዘራችበት። ያላት መሬት እሱ ብቻ ነው። ቡቃያው ብቅ ይላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይገረጣል፣ ይሞታል። ሁለት ዓመት እንዲሁ! ሰው «ቀጥቃጭ የረገጠው መሬት አያበቅልም» አለ። እኔም አልኩ፤ ምን ይደበቃል።

እሷ ግን ነገሩ ካልገባት እንቅልፍ የላትም። አፈሩን ቋጥራ ንጋት ወደምትባል የአፈር ተመራማሪ ሄደች። ንጋትም የባትሪው እርሳስ አፈሩ ውስጥ እንደቀረ ነገረቻት። ዘሩን ከመዝራቷ በፊት በሽፈራው ዛፍ ቅጠል ጭማቂ ብትዘፈዝፈው ምናልባት ቡቃያው ይበረታ ይሆናል አለቻት።

«ምናልባት» የሚለውን ቃል እማዋይሽ ዝም ብላ አታልፈውም። ግማሹን ዘር በውኃ፣ ግማሹን በጭማቂው ዘፈዘፈች። ከማሳዋ አፈር በሁለት ሰባራ ገንቦ ሞልታ ዘራችና ጠዋት ጠዋት በጣቷ ትለካ ጀመር። እኔ «እማዋይሽ ሩዝ ጠበል ታስጠምቃለች!» እያልኩ አሾፍኩባት። በአሥረኛው ቀን ጠራችኝ። የውኃው ገርጥቷል፤ የጭማቂው አረንጓዴ ነው። ወይ ጉድ!

ያን ክረምት ማሳውን ሁሉ እንዲያ ዘራችው። ኅዳር ላይ ሩዙ አንገቱን ደፍቶ ደረሰ። እኔም ልጄን ክርስትና ሳስነሳ አንድ ቁና እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«አልሰጥህም፤ እኔም አልቀመስኩትም» አለች።

ጭራሽ! «ቆንቋና!» ብዬ መንደሩን አዳረስኩ፤ ሰላምታም ነሳኋት።

ለካ ፍሬውንም ለምርመራ ልካው ኖሯል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ፍሬው ውስጥ እርሳስ ስላለ አይበላም። ይህን ስሰማ የልጄ ክርስትና ድግስ ትዝ አለኝና ሮጬ ሄድኩ። እማዋይሽ የሩዙን ጆንያ ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያላወቅኩትን ምን ብዬ ልንገርህ? ቡቃያው ስለተረፈ በላተኛውም ይተርፋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ እንጂ። ይኸው፣ የዓመት ቀለቤ ነበር!»

አፈርኩ። ይቅር በይኝ አልኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጠየቀችኝ።

«ዳኘው፣ ክረምት ሲሞላ የእኔ ማሳ ውኃ ወዴት ነው የሚወርደው?»

ወደ እኔ ማሳ ነዋ! ልጆቼ ከዚያ ማሳ ሩዝ ሲበሉ ስንት ዓመታቸው! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ግን ቀድማኝ ተነስታ ዶማ አንስታለች።

«ተነስ፤ ያንተንም አፈር ወስደን እናስመርምር» አለችኝ።