«ጠራችሁኝ?»

ሙዝደሊፋን ከምሰሶ ጋር ካሰሩት እጆች ሁለቱ የእኔ ናቸው። ኋላ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ቀድሜ ልናገረው።

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባሉት የመስቃን መንደሮች የሣር ቤት ሲሠራ፣ ለጉልላቱ ከእሱ ሌላ ሰው አይጠራም ነበር። እኔ ከሥር ሆኜ ሣር አቀብለዋለሁ። በ1989 ዓ.ም. ግን ጣሪያ ላይ ሆኖ ከማይታይ ሰው ጋር ይነጋገር ጀመር። ጎረቤት መርዝ ይጨምርብኛል ብሎ ምግብ ሸሸ፤ መታጠብም ተወ። አንድ ቀን «ዝለል ይሉኛል» ብሎ ሊዘል ሲል ይዘን አወረድነው። ጂን ነው የማይል ሰው አልነበረም። ያላወቅነውን ሁሉ ለጂን ማሸከም ለምዶብናል። ራሱ ባቆመው ምሰሶ ላይ በሰንሰለት አሰርነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ከጤና ጣቢያ ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ፣ ሲስተር ዘነበች፣ ያኔ መጣች። እኛን ትታ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ?» አለችው።

«እሰማለሁ።»

ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ሆነው፣ ምን እያሉ፣ ሁሉንም መለሰላት። እህቱ ሰልሚያ እያለቀሰች «ለምን አልነገርከንም?» ብትለው «ማን ጠየቀኝ?» አላት። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ። ሰንሰለቱን የፈታሁት እኔው ነኝ።

ሲስተር ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ሐኪሙም መረመረው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንዳለው ነገረን። በየወሩ መርፌ ተወጋ። የሚሰማው ድምፅ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሲስተርም «ስትጠራጠር የምታምነውን ሰው ጠይቅ» አለችው።

መርፌ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ጎረቤታችን አሚኑ ለሚያገባ ልጁ ቤት ሲያሠራ፣ ሙዝደሊፋ ጉልላቱን እኔ አስራለሁ አለ።

«ወላሂ አትወጣም!» አለች ሰልሚያ።

«ካልወጣሁ ያው እንደታሰርኩ ነኝ» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «ሙባሪክ፣ አንተ ከሥር ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

ወጣ። እኔም ከሥር ሣር ማቀበል ጀመርኩ። የጉልላቱን እኩሌታ አስሮ ሲጨርስ እጁ ቆመ።

«ጠራችሁኝ?»

«አልጠራንህም!» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ማሰሩን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀ፤ መለስኩለት። በሦስተኛው ሣር ተሸካሚው፣ ጭቃ ረጋጩ፣ ሴቶቹም ሳይቀሩ ከእኔ ጋር «አልጠራንህም!» ብለው ጮኹ። ሳቅ ሆነ። እሱም ከላይ ሳቀ፤ ሳቁን ከሰማሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ሰልሚያ ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ ማየት ፈርታ ጀርባዋን ሰጥታ ዋለች። የጉልላቱ የመጨረሻ ቋጠሮ ሲታሰር ግን ዞረች።

«ሙዝደሊፋ!»

እጁ ቆመ። «ጠራችሁኝ?»

«ጠርተንሃል!» አልን ሁላችንም። «ቤቱ አለቀ፤ ውረድና ብላ!»

በወጣበት መንገድ እያንዳንዱን እርምጃ እየመረጠ ወረደ። እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ። የአሚኑ ልጅ በሠርጉ ቀን እንኳ እንዲያ እልል አልተባለለትም።