የአባቴ የመጨረሻ ቆርኪ

ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሻይ ቤት አለኝ። ምሰሶውን ያቆምሁት፣ ጭቃውን የመረግሁት እኔው ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። እናቴ አርፋ ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ ግን አባቴ ከሻይ ቤቱ ጓዳ ገብተው ቀሩ። በሞባይል ሉዶ ይጫወታሉ፤ ቁጥር እየጣሉ ጠጠሮቹን ሁሉ ቀድሞ ቤት ያስገባ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ። ምግብ አቀርባለሁ፣ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ሰው ሰላም ሲላቸው ቀና አይሉም። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሁሉም ከጎናቸው ለመሰለፍ የሚሻማባቸው፣ ወግ አዋቂው አባቴ! እየጠፉብኝ ነበር።

አንድ ቀን ልቆጣቸው ገብቼ ከኋላቸው ቆምሁ። የሚጫወቱት ፖርት ሱዳን ካለ አንድ ወጣት ጋር ነው፤ መልኩን አያውቁትም። «ያላ፣ ያ ሐጅ!» ይላቸዋል በስልኩ፣ ‹ቶሎ በሉ፣ ሐጂ› ማለቱ ነው፤ ክርስቲያን መሆናቸውን ማን ይንገረው። ቤት የምታስገባ ቁጥር ወጣችላቸው፤ ትተው ኋላ ያለችውን ጠጠር ገፉ። ደግማ ወጣች፤ ደግመው ተዉአት።

«አባዬ፣ ለምን አያስገቧትም?» አልሁ።

«ካስገባሁማ ጨዋታው ቶሎ ያልቃል። ካለቀ ልጁ ይሄዳል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ቁጣዬ ሟሟ። ወጥቼ አለቀስሁ፤ ከዚያ ቀለም ፈለግሁ። ትልቁን የሻይ ጠረጴዛዬን ሉዶ አድርጌ ቀባሁት፤ ለጠጠር የለስላሳ ቆርኪ ሰበሰብሁ። ከደጅ አስቀምጬ ጠራኋቸው። እምቢ አሉ። በማግስቱም እምቢ አሉ። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ፤ በየቀኑ ጠራኋቸው።

በመጨረሻ እያጉረመረሙ ወጡ። «ይህም ሉዶ ተባለ? መስመሩ ጠማማ!»

«ጠማማም ቢሆን ያሸንፉኛ!»

ተቀመጡ። ሻይ ጠጪው ከበበን፤ ገሚሱ ለእሳቸው፣ ገሚሱ ለእኔ ወገነ። አባቴ የቀድሞ ለዛቸው ተመልሶ በአጨዋወቴ ይቀልዱ ጀመር፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ቆርኪ ቀረቻቸው፤ የምታስገባዋም ቁጥር ወጣች። እጃቸው ቆርኪዋ ላይ ቀረ። ሰዉ «ያስገቧት እንጂ!» ይላል። እኔ ግን የማየው እጃቸውን ብቻ ነው።

«ነገ ትከፍቻለሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«መቼ ዘግቼ አውቃለሁ፣ አባዬ?»

አስገቧት። በዚያ ሳምንት ውኃ ወረፋ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምሁ፣ አባቴ አሸነፉኝ እያልሁ ስኩራራ ሰነበትሁ።