አይዝግም የተባለው ድስት

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መነጽሬን ስወለውል፣ ከጎረቤት ቤት ድስት ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሴት ጩኸት... ከዚያ ዝምታ። ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ ዝምታው ነው።

የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ደረጀ የተማረ የቢሮ ሰው ነው፤ ከረባት ሳያስር ከቤት አይወጣም። እናቱ ከእሁድ ማታ ጀምሮ ሆዳቸውን ታመው ተኝተዋል። የሚጠጡትን ውሃ እያፈላች የምታስታምማቸው ሚስቱ ሰናይት ናት።

በራቸውን ስገፋው፣ ደረጀ የሰናይትን ፀጉር በእጁ ጠቅልሎ ጭንቅላቷን ከበሩ መቃን ጋር ያጋጫል። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወርዷል። እግራቸው ሥር ውሃ የምታፈላበት፣ ውስጡ የጠቆረ የአሉሚኒየም ድስት ተገልብጧል።

«እትዬ፣ እርስዎ አይግቡበት። እናቴን እየመረዘችብኝ ነው» አለኝ።

አሉሚኒየም አይዝግም፤ ስለዚህ ያ ጥቁር ነገር እሷ የጨመረችው መርዝ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ባይ ነው።

የተመረኮዝኩበትን ከዘራ አንስቼ የእጁን አንጓ መታሁት። ፀጉሯን ለቀቀና ዞሮ ደረቴን ሲገፋኝ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ... ሁለተኛውን ምት ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩለት። ተቀመጠ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ሲቀመጥ አስረዳሁት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም እንጂ እሱንም አየርና ውሃ ይበሉታል። ግን ወዲያው ስስ ልባስ ያወጣና ራሱን ይሸፍናል። ውሃ ደጋግሞ ሲፈላበት ያ ልባስ ይጠቁራል። በዚህ የሚሞት ሰው የለም።

«የእኔም ድስት ውስጡ ጥቁር ነው። እኔን ማን መረዘኝ?» አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ጆግ ሰናይት ያፈላችውን ውሃ ቀድቼ እያየኝ ጠጣሁ። ከዚያ ድስቱን አንስቼ ውሃና የተቆረጠ ሎሚ ጨመርኩበትና ምድጃው ላይ ጣድኩት። ጥቂት እንደፈላ ውስጡ ነጣ።

ደረጀ አጎንብሶ አየና «ታዲያ እናቴን ምን አመማት?» አለ።

ከውስጥ ክፍል የእናቱ ድምፅ መጣ።

«ያ ጥሬ ሥጋ ነዋ... እሁድ አትላስ ሥጋ ቤት ወስደህ ያበላኸኝ።»

ይህን ለመናገር የምራታቸው ከንፈር እስኪሰነጠቅ ጠብቀዋል። ከዘራዬን አየት አደረግሁት... ግን በሽተኛ ናቸው።

ሰናይት እኔ ቤት አደረች። እህትሽ ዘንድ ሂጂ ብዬ መከርኳት። ዛሬ ጠዋት ደረጀ ከረባቱን አስሮ፣ እያነከሰ፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ድስት ይዞ ለዕርቅ መጣ።

«ይሄኛው ወፍራም ነው። ሻጩ በፍጹም አይጠቁርም ብሎኛል» አላት።

ሰናይት አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። በሌላው ድስቱን ትንሽ አየችው፤ ተቀበለችውና ተከትላው ወጣች።

«ይጠቁራል» አልኩት በሩ ላይ። ዞር ብሎ ጉልበቱን በእጁ ያዘ።

ከዘራዬ የወይራ ነው፤ አይዝግም።