ልደቷ ከፋሲካ በኋላ ነው

ከጉለሌ የወጣሁት በሁዳዴ እኩሌታ፣ ሰዉ ከቅዳሴ ተመልሶ ሽሮውን በልቶ በጊዜ በተከተተበት ምሽት ነው። የእናቴ ቤት ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ መኪና በሩ ድረስ አይደርስም። ሻንጣዬን እኔና እህቴ ሰናይት ግራና ቀኝ ይዘን ልንወጣ ስንል፣ ተኝታለች ያልናትን ልጄን ናርዶስን በአንድ እግሯ ብቻ ካልሲ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ነበር የቀራት። «ወዴት ነው?» አላለችኝም። «ኬኬስ?» ነው ያለችኝ።

አትፍረዱባት። አዲሱ ገበያ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ አስጌጥ ስለነበር ያደገችው በክሬም ሽታ ነው። ለሰው ልጅ ጽጌረዳና ልብ ስሠራ እውላለሁ፣ ለራሴ ልጅ ግን ማንም ያላዘዘውን ነገር ሳስብ ነው የማድረው። አንድ ዓመት ሲሞላት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሠራሁላት፤ በሩ ላይ ከስኳር ሊጥ የተሠራ ረዳት ተንጠልጥሎ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» የሚል ይመስላል። የሰፈሩ ልጆች ረዳቱን ማን ይብላ ብለው ተጣሉ። በሁለተኛው ዓመት ጅብ ሠራሁ። ከእንጦጦ ወርዶ የሚጮኸውን ጅብ እየሰማች እሱን መምሰል ትወድ ነበርና ነው። እናቴ፣ «ምን ነክቶሽ ነው፣ በልደት ቀን ጅብ ጠርተሽ ቤት የምታስገቢው?» ብላ አማተበች። በኋላ ግን ጆሮውን የበላችው እሷው ናት።

ታዲያ ኬኩ በተወለደችበት ዕለት ተቆርሶ አያውቅም። ናርዶስ የተወለደችው መጋቢት አሥር፣ በመጋቢቱ መስቀል ነው። መጋቢት አሥር ደግሞ ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው፤ እናቴ ቤት በሁዳዴ ቅቤና እንቁላል ደጃፉን አያልፍም። ስለዚህ ፋሲካ ሲያልፍ፣ ሰዉ ከዶሮው ፋታ ሲያገኝ፣ ድፎውንና ፈንድሻውን አሰናድተን ልደቷን እናከብራለን። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለማንም ማስረዳት ያስፈልገኛል ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጣሁት ጀርመን ነው፣ ለአውስቢልዱንግ። እየሠሩ ሙያ መማር ማለት ነው። እናቴ፣ «ኬክ ሠሪ ነሽ፣ ኬክ ልትማሪ ትሄጃለሽ፣ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው?» ብላ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት። ዝናቡ እንደ እኛ ሐምሌ አንዴ ዘርግፎት አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ያለቃቅሳል። ኬካቸውን ኩኸን ይሉታል፤ ክሬሙ ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ ነው፣ መጀመሪያ ስቀምሰው ያልጨረሱት መስሎኝ ነበር። ለልደት ሲጠሩ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማብቂያውንም ሰዓት ይነግራሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እንግዳው ራሱ ኮቱን ፍለጋ ይነሳል። እኛ ሰፈር ቢሆን «ገና ምን ተበላና» ተብሎ ኮቱ ይደበቅ ነበር። ስሜንም ተነጠቅኩ። እዚህ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ «ፍራው ታደሰ» ሆንኩ፣ ወይዘሮ ታደሰ ማለት ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ወይዘሮ መባሉን ባይሰማ ይሻላል።

በእነዚያ ዓመታት ኬኩን ከዚህ ሆኜ በስልክ አዛለሁ፣ ሰናይት ትሠራለች። አንድ ጊዜ ናርዶስ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጉብኝት ተመልሳ ኬኬ እሬት ካልሆነ አለች። የእሬቱን እሾህ ከስኳር ሊጡ ላይ በመቀስ ጫፍ እንዴት እንደሚያወጡት በስልኩ ካሜራ ሳሳይ፣ ሰናይት «እሾሁን ትተን ለምን ጎመን ነው አንላትም?» እያለች ታስቀኛለች። ሌላ ጊዜ ጥበቡ የሚታይ የታጠፈ ነጠላ አሠራኋት። ያምር ነበር። ግን ስልኩን ስዘጋው ልጄን በኬክ ብቻ የማሳድግ ይመስለኝና ያመኝ ነበር። አባቷ ገና ሳትወለድ ነው የተለየን፤ ያለኋት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ቋሚ ሥራ እንደያዝኩ መጀመሪያ ያደረግኩት እሷን ለማምጣት ማመልከት ነው።

ለዚያ የአከራዬ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፍራው ብራንት አሮጊት ናቸው፣ ከበላዬ ነው የሚኖሩት፣ የበር አዘጋጌን እንኳ የሚያርሙ ሴት ናቸው።

«ልጅ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ልጄ ናት።»

«ትሮጣለች?»

«የስድስት ዓመት ልጅ ናት።»

«ስለዚህ ትሮጣለች። እሁድስ?»

«እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነን።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ከሰዓት በኋላ ቀስ ብላ ትሮጣለች» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩኝ ቆዩና ፈቀዱልኝ።

ከባዱ አለፈ ብዬ ነበር። የውጭ ዜጎች ቢሮው ቴርሚን ሰጠኝ፣ ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ ቴርሚን መታመምም የሚፈቀድ አይመስለኝም። ጉዳዬን የያዘው ሰውዬ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ያስፈራኝም ያ ነው፤ የሚቆጣ ሰው ቢሆን አባብለው ነበር። የናርዶስ የልደት ካርድ የወጣው ፓስፖርት ልናወጣላት ስንሯሯጥ ነው፣ ብዙዎቻችሁ እንዳደረጋችሁት። እሱ ደግሞ ልጅ ተወልዳ ከዓመታት በኋላ የሚወጣ ካርድ አላማረውም፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሉ ፎቶዎች አምጪ ብሎኛል። እኔም የልደቶቿን ፎቶ በሙሉ፣ ከነተነሱበት ቀን አሳትሜ፣ በኩራት ይዤ ሄድኩ። በየኬኩ ላይ ዕድሜዋ በቁጥር አለ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ሚኒባሱን ትንሽ አየት አደረገው። ጅቡ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ውሻ ነው?»

«ጅብ ነው።»

«ለሕፃን ልጅ?»

«ትወደዋለች።»

አንድ ነገር ጻፈ። «ፍራው ታደሰ፣ ልጅዎ የተወለደችው ማርች አሥራ ዘጠኝ ነው?»

«አዎ።» በእኛ መጋቢት አሥር መሆኑ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ልደቷ ነው።»

«ፎቶው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የተነሳ ነው። ይሄኛውስ?»

«ልደቷ።»

«ሜይ ላይ። ይሄስ?»

በአማርኛ ያሰብኩትን እንዳለ ወደ ጀርመንኛ ገለበጥኩና፣ «ልደቷ ከፋሲካ በኋላ ነው» አልኩት። ልደትን «ገቡርትስታግ» ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አላውቅም። ለእኛ ልደት የተወለዱበትም ቀን ነው፣ ድግሱም ነው፤ «ልደቷ ለእሁድ ተዛወረ» ብንባል ማንም አይደነግጥም። እሱ ግን የሰማው የተወለደችበትን ቀን ነው።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ፋሲካ በየዓመቱ ይቀያየራል።»

«አዎ፣ ይቀያየራል» አልኩ፣ ገባው ብዬ ደስ ብሎኝ።

«ስለዚህ የልጅዎ ልደት በየዓመቱ ይቀያየራል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ማርች አሥራ ዘጠኝ ማን ተወለደ?»

አፌን ከፈትኩ፣ ጀርመንኛው ግን ብን ብሎ ጠፋ። ዝም ባልኩ ቁጥር ዝምታዬ ውሸት እየመሰለ እንደሚሄድ ይታወቀኛል። በዚያ ላይ እኔ ከወጣሁ በኋላ በተነሱት የሰናይት ፎቶዎች ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ልጅቷን ያቀፈችው ሁልጊዜ ይህች ሴት ናት። እርስዎ የት ነዎት?»

«እዚህ» አልኩት። «እዚህ ነው ያለሁት።»

የተወለደችበት ቀን እስኪጣራ ድረስ ማመልከቻው እንደሚቆም በጨዋ ቋንቋ ነገረኝ። መልካም ቀን ተመኝቶ ሸኘኝ።

ቤት ገብቼ ደወልኩ። ሰናይት «የእኔ ማቀፍ ነው ጥፋቱ?» ብላ አለቀሰች። እናቴ ስልኩን ነጠቀቻት።

«እ... ማለት፣ በሁዳዴ ቅቤ ብበላ ኖሮ ልጅሽ ትመጣልሽ ነበር?»

«እንደዚያ አይደለም እማዬ።»

«ነው እንጂ። በቃ፣ ጾመኛ በመሆኔ ልጅ ቀረች በይኝ።»

ባልነበረችበት ቢሮ ተከሳ፣ ባልሠራችው ተፈርዶባታል። እኔም እንቅልፌ ጠፋ። ሥራ ቦታ የሰው ልጆች ኬክ ላይ ቁጥር ስጽፍ እሳሳት ጀመር፤ ማርታ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ኬክ ላይ ስድስት ጽፌ አሠሪዬ ሲያየው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በዚህ መሀል የፍራው ብራንት ልደት ደረሰ። ቅዳሜ ነበር የሚውለው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሱቁ ስለሚበዛ ወገቤን ቀና የማደርግበት ጊዜ የለኝም። ስለዚህ አርብ ከሥራ ስወጣ የቼሪ ኬክ ሠርቼ፣ ላዩ ላይ በመስኮታቸው የሚያብቡትን አበቦች ማርዚፓን ከሚሉት የለውዝ ሊጥ ቀርጬ ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ «እንኳን ተወለዱ» አልኳቸው።

ፊታቸው ልውጥ አለ። «ዛሬ አይደለም» አሉኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው። «ነገ ነው። ሰው ሳይደርስበት እንኳን አደረሰህ አይባልም። መዓት ይጠራል።»

ይኸው፣ ይህችም ሄደች አልኩ በልቤ። ቢሮው አባሮኛል፣ አሁን ደግሞ በሰማንያ ዓመት ሴት ላይ አሟርቼ ቤቱንም ላጣው ነው። «ይቅርታ፣ ነገ ሥራ ነኝ፣ ለዚያ ነው» ብዬ ኬኩን እንደያዝኩ ልወርድ ዞርኩ። እሳቸውም አዩት መሰለኝ ለስለስ አሉ።

«ቀድሞ አይሆንም። ዘግይቶ ግን ይሆናል። ሰኞ ያምጡት፣ እንናኽፋየራለን።»

«ምን እናደርጋለን?»

«ናኽፋየርን። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማክበር ነው። ልደቴ ያው ነገ ነው፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። የሚዘገየው ግብዣው ነው። እናንተ አገር እንዲህ አይደረግም?»

ደረጃው ላይ ኬኩን እንደታቀፍኩ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንናኽፋየር ኖረናል፣ ቃሉን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፍራው ብራንት ምን እንደነካኝ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ ፋሲካውን፣ ቅቤውን፣ እናቴን፣ ጨዋውን ሰውዬ። ደረጃ ላይ መቀመጥ ክልክል መሆኑን ሳይነግሩኝ ነው ያዳመጡኝ። ሲያበቁም ቃሉን ሦስቴ አስባሉኝ፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን «ኽ» እንደ እኛ አድርጌ ስለው «እንዲያውም ከእኔ ይሻላል» አሉ።

ሁለተኛው ቴርሚን እስኪደርስ ቃሉን በልቤ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ሰውየው ፊት ስቀመጥ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ አፈሰስኩት። ልጄ የተወለደችው ማርች አሥራ ዘጠኝ ነው፣ አልተቀየረም፣ ጾም ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ እንናኽፋየራለን አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ኬክ በጾም አይበላም?»

«እንቁላልና ቅቤ አለበት።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ትጾማለች?»

«እሷ አትጾምም። ቤቱ ነው የሚጾመው።»

ፎቶዎቹን አወጣ፣ የየዓመቱን ፋሲካችንን ኮምፒውተሩ ላይ እየፈለገ አንድ በአንድ አመሳከረ። ሁሉም ከፋሲካ ማግሥት ባሉት ቀናት ውስጥ ናቸው።

«ይህን ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎት ነበር» አልኩት። «በአማርኛ ነው እንጂ።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ ምናልባትም ጉንፋን ይዞት ይሆናል። ማብራሪያዬን እንደሚያያይዘው፣ ማመልከቻውም እንደገና እንደሚንቀሳቀስ ነገረኝ። መቼ እንደሚያልቅ ግን ሊነግረኝ አይችልም፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ አለ። «ይጠብቁ» አለኝ። የመጣሁበትን በር ከፍቶ ሸኘኝ።

መጋቢት አሥር ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ ደወልኩ። ሰናይት ስልኩን ለናርዶስ ሰጠቻት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ የወለቁበትን ቀን እንኳ አላወቅኩም።

«እንኳን ተወለድሽ የኔ እመቤት» አልኳት።

«ዛሬ ነው እንዴ?»

«ዛሬ ነው። ሰባት ሞላሽ።»

«ኬክ የለም እኮ።»

«ኬኩ ከፋሲካ በኋላ ነው። ምን ይሁንልሽ?»

አሰበች። ሚኒባሱን ከፎቶ እንጂ እንደማታስታውሰው፣ የጅቡን ጆሮ አያቷ እንደበላችው እንደሰማች አወራችልኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«አንቺ ትሠሪዋለሽ?»

«ወረቀትሽ ከመጣ አንቺ ወደ እኔ ትመጫለሽ፣ እዚሁ እሠራልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ከፋሲካ በኋላ» አልኳት፣ አፌ ለምዶት።

ከኋላዋ እናቴ ከማኅበርተኛዋ ጋር ስትነጋገር ይሰማኛል።

«የትኛው ፋሲካ?» አለችኝ።

የዘንድሮው ልላት ፈልጌ ነበር። ውሸት ቢሆንብኝስ ብዬ ፈራሁ።