ከጠላው በፊት ደቦ የለም

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ጧት ከጣና ውሃ ያገኘኋቸውን፣ ምግብ አልቆባቸው የሰነበቱ ባክቴሪያዎች አዲስ የሥጋ መረቅ ባለበት ብልቃጥ ጨመርሁ። ባክቴሪያ ሲበዛበት የሚደፈርሰው መረቅ እስከ ረፋድ እንደጠራ ነው። ቀድሞ ተማሪዬ የነበረው የኮሌጁ ካድሬ ብልቃጡን አየና፣ "ሥራ ፈቶች ናቸው፤ ይድፏቸው" አለኝ።

"አልደፋም" አልሁት። "ባክቴሪያ ምግብ ስላገኘ ብቻ ወዲያው አይባዛም። መጀመሪያ የራይቦዞም አርኤንኤ ጂኖቹን ሥራ ያስጀምርና ራይቦዞም ያበዛል፤ ፕሮቲኑን የሚሠራለት ራይቦዞሙ ነው። አንተ የደልጊ ገበሬ ልጅ ነህ። አባትህ ጠላ ሳያስጠነስሱ ደቦ ጠርተው ያውቃሉ?"

ብልቃጡን ትቶ ወጣ። ወደ ማታ መረቁ እንደ ክረምት ዓባይ ደፈረሰ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ፣ የልማት ዘመቻው ፍሬ የት አለ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ካድሬው ኮራ ብሎ ተነሣና "ጓዶች፣ ጠላው ገና እየተጠነሰሰ ነው" አለ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም። የእኔ ባክቴሪያዎች ጧት የጀመሩትን ማታ አድርሰዋል፤ እሱ የጠነሰሰው ጠላ ግን ደርግ እስኪወድቅም አልደረሰም።